ጠቋሚው

ሥራ አስኪያጁ ጠቋሚ የሚባል ፍጥረት ዓይኑን ማየት አይፈልግም። ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ የሰበሰበውም ለዚሁ ነው፤ ቢሮ ውስጥ የተወራው ሁሉ ሳያድር ዋና ዳይሬክተሩ ጆሮ እየገባ ስንቱ ከሥራው ተባሯል። ንግግሩን ራሱ ጽፎ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራው። አዲስ ገጽ መክፈት ስለማይሆንለት፣ እንደ ልማዱ አንድ የቆየ ደብዳቤውን ከፍቶ፣ አሮጌውን ጽሑፍ ያጠፋ መስሎት ነበር አዲሱን የጻፈው።

«ከመካከላችን ጡት ነካሽ አለ!» ብሎ ጀመረ።

ወዲያው አንዲት የፊደል ግድፈት አየና ሊያርማት የቀስት ቁልፉን ተጫነ። ብልጭ ድርግም የሚለው የኮምፒውተሩ ጠቋሚ ግን «ክቡራን» ከሚለው ቃል አጠገብ ተቸክሎ ቀረ። ደጋግሞ ቢጫነው ንቅንቅ የለም። ሠራተኛው ሳቁን በመዳፉ አፈነ።

«ይቺን ማሽን ማን ነው የነካካት?» ብሎ ጮኸ ሥራ አስኪያጁ።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ትርሲት ጠጋ ብላ አየች። «ጋሼ፣ ጠቋሚው እኮ አልቆመም። እዚህ ጋ የተደበቀ ጽሑፍ አለ፤ በእሱ ውስጥ እየሄደ ስለሆነ ነው የማይታየን። ላውጣው ወይስ ከስብሰባው በኋላ?»

«አሁኑኑ አውጪው! እኔ ከሠራተኛዬ የምደብቀው ምን አለኝ?»

ትርሲት አንድ ቁልፍ ተጫነች። ግድግዳው ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦

«ክቡር ዋና ዳይሬክተር ሆይ፣ ዛሬ በሻይ ሰዓት እርስዎን ሲያሙ የዋሉት ከዚህ በታች ያሉት ናቸው። የዘወትር ታማኝዎ፣ ሥራ አስኪያጁ።»

ትርሲት ፈቀቅ አለችለት።

«ይኸው ጋሼ፣ አሁን ጠቋሚው በደንብ ይታያል።»