ከሰረዙ በኋላ

የቤተ መጻሕፍቱን ካርዶች ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ የከረመውን ወጣት ሠራተኛ አንዲት ካርድ አስቸገረችው። «መርሻ ይግለጡ፣ 1948 –» ትላለች፤ ከሰረዙ በኋላ ደራሲው የሞተበት ዓመት የለም። ጡረታ የወጡት የቀድሞው ሠራተኛ ጋሽ ሽብሩ ጥጓ ላይ በእርሳስ «እንዳይሞላ» ብለው ጽፈውባታል። ኮምፒውተሩ ግን ባዶ ቦታ አልቀበልም አለ። ደራሲው በ1968 አንድ የግጥም መጽሐፍ አሳትሟል፤ ከዚያ ወዲህ ደብዛው የለም። የዚያን ዘመን ወጣቶች ዕጣ ማን ያጣዋል? በግምት 1970 ብሎ ሞላና ወደሚቀጥለው ካርድ አለፈ።

ሐምሌ ላይ አንዲት አሮጊት መጡ።

«የልጄን የመርሻን ካርድ እስቲ አሳየኝ፤ ሽብሩ በየዓመቱ ያሳየኝ ነበር።»

«ካርድ ቀርቷል፣ እማማ። አሁን እዚህ ነው» ብሎ ስክሪኑን አዞረላቸው። የሞላው ነገር ትዝ ያለው ጣታቸው መስታወቱ ላይ፣ ከሰረዙ በኋላ ሲቆም ነው።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አወለቁና እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ለበሱት።

«ተባረክ ልጄ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ደፍሮ ያረዳኝ ሰው አልነበረም» አሉት። «ቀኑንስ ታውቀዋለህ? ተዝካሩን ላውጣ።»