የቅበላው አጥንት

ቆቦ ላይ ሁዳዴ ሲገባ ሉካንዳው ሁሉ ይዘጋል። እማማ ደብሪቱ የሟች ባለቤታቸው ውሻ በጾሙ እንዳይሞትባቸው ከቅበላው ቅርጫ የተረፈውን የበሬ አጥንት ለቃቅመው፣ ለስላሳ በሚሸጠው በጎረቤታቸው በሕሉፍ ፍሪጅ አስቀመጡ።

«እማማ፣ የውሻ ስንቅ ለስላሳዬን አባረረው እኮ!» ይላቸዋል፣ በየጠዋቱ አንድ አጥንት እያወጣ።

«ታገሰኝ ልጄ፣ ለፋሲካ ምን ቀረ?»

ውሻው ግን አጥንቱን በአፉ ይዞ ወደ ጓሮ ይሄዳል እንጂ አይበላም፤ ከሳ። በሆሳዕና ማግስት እማማ የመጨረሻዋን አጥንት ይዘው ተከተሉት። ከቁልቋሉ ሥር ያ ሁሉ አጥንት ተገጣጥሞ፣ ባለቤታቸው ይተኙ እንደነበረው በጎኑ የተኛ ሰው ሆኗል። የጎደለው ቀኝ ክንዱ ብቻ ነው።

እማማ አጥንቷን ዘረጉለት። ውሻው አጥንቷን አላየም። ዓይኑን የተከለው በእማማ ቀኝ ክንድ ላይ ነበር።