«ሀዲያ» ያለው ማን ነው

«እዚህ ላይ ይቅዱልኝ» እላለሁ፣ ካሴቱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ። «አዲሱን የወለቃ ባንድ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በላዩ ላይ።»

ጋሽ ካሳ ካሴቱን አያነሱትም። መካነ ሰላም ውስጥ ካሴት የሚያባዙት እሳቸው ናቸው፤ ይኼን ደግሞ ገና ከሩቁ አውቀውታል። የወንድሜ የዑበይዳ ነው። የከተማው ሰው በየቤቱ ያለው የወለቃ ባንድ የመጀመሪያ ሥራ በሙሉ የተባዛው ከዚህ ካሴት ነው።

«እናትሽ ያውቃሉ?»

«አታውቅም።»

«በሩንስ ብትዘጊው? የገበያው ጩኸት ሁሉ እኮ አብሮሽ ገባ።»

በሩን እተወዋለሁ። የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው፣ ቶሎ ጨርሼ መሄድ እፈልጋለሁ።

ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ፤ የሚኒባስ ሹፌሩ ሷሊህና ግብርና ቢሮ የሚሠራው ወልደ ገብርኤል። ስገባም እዚያው ላይ ነበሩ። አዲሱ ካሴት ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደርሷል።

«ይኼ ዘፈን ነው?» ይላል ሷሊህ። «ያ ሁሉ ጊታር የት ገባ? ኪቦርዱን ስሰማ ስልኬ የጠራ መስሎኝ ሁለቴ ኪሴን ዳሰስኩ።»

«ለሚሊኒየሙ ይድረስ ተብለው ተጣድፈው ነዋ።»

«ሺህ ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበራቸው እኮ!»

«ወላሂ፣ አምስተኛው ዘፈን ደህና ነው።»

«አንተ በገብርኤልህ ማል። ለዚህ ካሴት ወላሂ አይባክንም።»

ወልደ ገብርኤል ይስቃል። ሷሊህ ግን አይስቅም፤ ከልቡ ተናዷል። «የመጀመሪያው ላይ ሰው ያከብሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ዘፋኙ ‹ሀዲያ!› ብሎን ነው የሚሄድ። ስጦታ! ይኼን ሁሉ ለእናንተ ሰጠሁ ማለት አይደለም? አዲሱን እስከ ጫፉ ሰማሁት። ሀዲያ ቀርቶ ደህና ሁኑ የለበትም።»

«እሱስ እውነትክን ነው። ያቺን ሀዲያ ስሰማ ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል።»

«ዘፋኙ አይደለም» እላለሁ ሳልዞር።

«ምን አልሽ?»

«ሀዲያ ያለው ዘፋኙ አይደለም። ሀዲያ ስሜ ነው። ዑበይዳ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀምጦ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲቀዳ፣ በሩን በርግጄ ገባሁ። እኔ ላይ ነው የጮኸው። ለእናንተ ስጦታ የሰጠ የለም።»

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምራችሁ ይኼን ነው?» ይላል ሷሊህ። «ያገኛችሁትን ሁሉ ማፍረስ?»

«ጋሽ ካሳን ጠይቃቸው።»

ጋሽ ካሳ የካሴቱን ክዳን ከፍተው ይዘጋሉ። «ከዚያ ወዲያ ያለው የቤት ወሬ ነው ብዬ እቆርጠው ነበር። ጣቴ ሲዘገይ ያቺ አንዲት ቃል አመለጠችኝ።»

«አስር ዓመት ሙሉ ዝም አሉን?»

«ደስ ብሏችሁ ነበራ። ምን ልበል?»

ወልደ ገብርኤል ወደ ባንኮኒው ቀረብ ይላል። «ታዲያ የወንድምሽን ድምፅ ልታስጠፊው ነው? ነውር አይደለም?»

አሁን እዞራለሁ።

«ነውር? እሱን የጫነችው ጀልባ ከቦሳሶ ከወጣች አራት ዓመት ሆናት። አብሮት የነበረው ልጅ ከየመን ተመልሶ፣ ሲሰምጥ በዓይኔ አየሁት ብሎ ለእናቴ ነግሯታል። እሷ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ሰደቃ አላወጣችም። በየቀኑ ከአሱር ሰላት በኋላ ይቺን ካሴት ጫፏ ላይ ታደርስና ትሰማዋለች። ትመልሳለች፣ ትሰማዋለች። ከዚያ ‹የሚናገር ልጅ ሞተ ትሉኛላችሁ?› ትለኛለች። እናንተን ሰውነታችሁን ይወራችኋል። እኔ ደግሞ በየቀኑ በስሜ እጠራለሁ።»

አዲሱ ካሴት ብቻውን ይጮሃል። ጋሽ ካሳ እጃቸውን ሰድደው ያጠፉታል፤ የሚቃወም የለም።

«ይቅዱት» እላቸዋለሁ።

«እቀዳለሁ። ግን ክሩን ልየው። እንዲህ ከተመላለሰ ጫፉ ላይ ሳስቷል፤ ማሽኔ ውስጥ ተበጥሶ ይጠመጠምብኛል።»

ካሴቱን ይከታሉ፣ ወደ መጨረሻው ያስኬዱታል፣ ይከፍቱታል። አንዱ ጣታቸው ቀዩ የመቅጃ ቁልፍ አጠገብ ነው።

ጊታሩ ይመጣል። ቀጭን ነው፤ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚወጣ። ከበስተጀርባው የኛ ቤት አለ፦ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲንቋቋ፣ አንድ ሰው ሲያስል። ደጅ አህያ ያናፋል፤ ይኼኛው ግን የዛሬ ነው፣ የገበያው። ሷሊህ ለመስማት ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው ያስጠጋል። እኔ ቀዩን ቁልፍ አያለሁ። ይጫኑት፣ ይገላግሉኝ።

«ሀዲያ!» ይላል ዑበይዳ።

ከዚያ ጋሽ ካሳ ለከተማው ሲቆርጡት የኖሩት፣ ከሳቸው፣ ከናቴና ከኔ በቀር ማንም የማያውቀው ይመጣል፤ ቁጣ ነው፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ቁጣ።

«በሩን ዝጊው! ድምፅ ይገባል!»

ሳላስበው ዞሬያለሁ። የገበያው ጩኸት ድንገት ይቆረጣል፤ ሱቁ ውስጥ የሚቀረው ጊታሩ ብቻ ነው። በሩ ተዘግቷል፤ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው።