የተደፉት ማሰሮዎች

ፓሪቫሽ የወንዙን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወርዳለች። አንድ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፤ የሌላው የት እንደወለቀ አታውቅም። በረጅም ጨርቅ ላይ የሣለችውን ሥዕል ጭኖ ወደ ቴህራን ሊወስድ የመጣው ሾፌር ኬይቫን፣ የመኪናውን ቁልፍ እንደጨበጠ ከኋላዋ እያለከለከ ይከተላታል።

"ቀስ በይ እንጂ፣ እህቴ! እናትሽ ባይሆኑስ?"

ናቸው። መጠቅለያ ፕላስቲክ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ግድግዳው ላይ የቀሩት ምስማሮቹ ብቻ ነበሩ። ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ውሃው መጣ እኮ! እናትሽ ጨርቅ ተሸክመው ወደ ወንዝ ሲጣደፉ አየኋቸው" አለቻት፣ ልክ እንደ ምሥራች።

አዎ፣ ውሃው መጥቷል። የዛያንዴሩድ ወንዝ ከደረቀ ስንት ጊዜው! ዛሬ ለአዲስ ዓመቱ፣ ለኖውሩዝ ብለው ግድቡን ሲከፍቱለት የኢስፋሃን ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። የሚዘፍነው ይዘፍናል፣ የሚያለቅሰው ያለቅሳል፤ ሽማግሌዎች ከድልድዩ ቅስቶች ሥር ቆመው ያዜማሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ፓሪቫሽም አብራ ታለቅስ ነበር።

እናቷ ኤስማት ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ረጅሙን ጨርቅ ወደ ላይ ያነሡና ከድንጋዩ ጋር ያላትሙታል። ጧ! ደግመው ያነሡታል። ጧ! ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው ቢባል ማን ያምናል?

ፓሪቫሽ ክው ብላ ትቀራለች። ልትጮህ አፏን ትከፍታለች፤ ድምፅ ግን የለም።

ሦስት ዓመት ሙሉ እዚሁ ደረቅ ወንዝ ውስጥ እየወረደች አፈር ቆፍራለች። ቢጫውን፣ ቀዩንና ግራጫውን ለይታ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በሙጫ ለውሳ ሃያ ሦስት ሰዎች ሥላበታለች። በጥንቱ የነገሥታት ከተማ በተኽተ ጀምሺድ ፍርስራሽ ደረጃ ላይ ለንጉሥ ስጦታ ይዘው በድንጋይ የቆሙትን እነዚያን የጥንት ሰዎች ነው የሣለችው፤ ጢማቸው የተጠቀለለ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ። ወርቅና በግ ግን አላስያዘቻቸውም። ለእያንዳንዳቸው አፉ ወደ ታች የተደፋ ባዶ ማሰሮ ሰጠቻቸው። ማሰሮዎቹን በብሩሽ አልሣለቻቸውም፤ ጨርቅ አታሚ በነበሩት በእናቷ በኩል አያቷ የእንጨት ማኅተም፣ ከዛገ ብረት በሚሠራው በጥንቱ ጥቁር ቀለም አንድ በአንድ አትማቸዋለች። በአርባ ስድስት ዓመቷ የመጀመሪያዋ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከነገ ወዲያ ይከፈታል። የመጥሪያው ካርድ ላይ የወጣውም ይኸው ሥዕል ነው።

ኤስማት ቀና ሲሉ ልጃቸውን ያያሉ። ፊታቸው ይበራል።

"መጣሽ? ነይ ጫፉን ያዢልኝ፣ ከበደኝ! አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው የአባዬን ማኅተም የመታሽበትን ጨርቅ ጥሬውን የሰቀልሽው?"

"ጥሬ?" የፓሪቫሽ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"ጥሬ ነዋ! የታተመ ጨርቅ ወንዝ ካላየ መች በሰለ ይባላል? አባዬ ቢያየው በሰው ፊት ባዋረደኝ ነበር። ውሃ የለም ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽ። እኔ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ በዚህችው ድንጋይ ላይ አይደል ያጠብኩለት?"

"እማማ፣ ያጠቡት እኮ ሥዕል ነው!" ይላል ኬይቫን ከዳር ሆኖ፣ ራሱን ይዞ።

"ታዲያ ሥዕልስ ቢሆን? ደህና ቀለም ቢሆን ኖሮ ይይዝ ነበር። ይኸው ጭቃ ብቻ! ይሄን ቀለም የሸጠልሽ ሰውዬ ሌባ ነው፣ ልጄ።"

የሸጠላት ይኸው ወንዝ እንደሆነ ፓሪቫሽ እንዴት ብላ ትንገራቸው? ከእናቷ እግር ሥር ቡናማ ውሃ እየተጠማዘዘ ወደ ድልድዩ ይወርዳል። ሰዎቿ ናቸው፤ ጢማቸው፣ ካባቸው፣ የተያያዙት እጆቻቸው። ወደዛቀቻቸው ቦታ እየተመለሱ ነው።

"የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እህቴ" ይላል ኬይቫን፤ ብሎም ወዲያው ምላሱን ይነክሳል። ቀጥሎም፣ "ቴህራን ያሉትን ምን ልበላቸው? ባዶ መኪና ይዤ ልሂድ?"

 ፓሪቫሽ በአንድ ጫማዋ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ቅዝቃዜው አጥንቷ ድረስ ይዘልቃል። እናቷን በሕይወቷ እንዲህ ጠልታቸው አታውቅም፤ መጥላቷ ራሱ ያስደነግጣታል።

ኤስማት አሁን ገና ፊቷን በደንብ ያዩታል። ፈገግታቸው ይከስማል።

"ምነው?" ይላሉ። ከዚያ፣ በጥፋት እንደተያዘ ሕፃን ድምፃቸው አንሶ፣ "አበላሸሁት እንዴ?"

ፓሪቫሽ ወደ ጨርቁ ትጠጋለች።

"ቆይ፣ ቆይ… ልጭመቀውና እንየው።"

ጨርቁን በሁለት እጃቸው ከውሃው ጎትተው ያወጡታል። ሰው የለበትም። ከሃያ ሦስቱ አንድም አልተረፈ፤ የቆሙበት ቦታ ባዶ ነጭ ጨርቅ ነው። የአያቷ ማሰሮዎች ግን አሉ። ሁሉም አሉ፣ ከበፊቱ ይልቅ ጠቁረው፣ ተሸካሚ ሳይኖራቸው እንደተደፉ በሰልፍ ተንጠልጥለዋል። የእናቷ እጆች ጨርቁን ለመጠምዘዝ ሲጨብጡት ታያለች።

"አትጭመቂው!" ድምጿ በድንገት ይወጣል፤ ድልድዩ ሥር የሚያዜሙት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ዞረው ያዩአታል። "እማዬ፣ በፈጠረሽ፣ አትጭመቂው!"

ኤስማት ባሉበት ይደርቃሉ። ፓሪቫሽ ሌላኛውን ጫፍ ትይዛለች። እናትና ልጅ ጨርቁን ከፍ አድርገው ይወጥሩታል፤ ከሃያ ሦስቱም የተደፉ ማሰሮዎች አፍ ውሃ እየተንጠባጠበ ወንዙ ውስጥ ይገባል።