ወጡ ውስጥ ያለው ጨው

የሹክ ባዩ ሪፖርት «መምህር ይመር በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የተነገረውን ትቶ ዝም ብሎ ቆሟል፤ ትምህርት አልተሰጠም» ይላል። ተማሪዎቹ ደግሞ «እንደ ዛሬ ገብቶን አያውቅም» ይላሉ።

መምህራን ሁሉ የሚሉትን ‹ሹክ ባይ› ከሚባል የጆሮ ማሽን እየሰሙ ማስተማር ከጀመሩ ቆይተዋል። ከተነገረው የወጣ መምህር፣ ርዕሰ መምህሩ ከፈረመበት፣ ዳግም ክፍል አይገባም። የይመር ሪፖርት አሁን የርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ሰዓዳን ፊርማ ይጠብቃል።

«ምን ነክቶህ ነው ዝም ያልከው?» አሉት ቢሯቸው ጠርተው።

«ትናንት እራት ላይ ልጄ ‹አባ፣ ወጡ ውስጥ ጨው አለ ትላላችሁ፤ የታለ?› አለችኝ። ጣቴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መልሱን ጠበቅኩ። ማሽኑን ለካ አውልቄዋለሁ። እናቷ ሳቀች። ልጄ ግን ‹ግዴለም አባ፣ ተወው› ብላኝ መብላቷን ቀጠለች። ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ለተማሪዎቼ ሰጥቼ፣ አስበው እስኪመልሱ ጠበቅኋቸው።»

ሰዓዳ አንገታቸውን ደፉ። «እኔም እኮ ስብሰባ ላይ ሹክ ባዩ ያለኝን ነው የምደግመው።»

«ለዚህ ነዋ ስብሰባው የማያልቀው!» አለ ይመር አምልጦት፤ ወዲያው ደነገጠ።

ሰዓዳ ግን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሱም ትከሻው ላላ፤ አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ሰዓዳ ተነሥተው በሩን ከፈቱና ኮሪደሩ ላይ በጭንቀት ለሚጠብቁት መምህራን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ፦

«አልፈርምም! ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ የሚያስተምረው መምህሩ ነው። ወረዳው ጥያቄ ካለው እኔን ይጠይቅ።»