የነስሩ ክኒን

ነስሩ ክንዱን ሲያጥፍ ሸሚዝ ይቀደድበታል። ቢያንስ እሱ እንደዚያ እያለ ነው የሚያወራው። ቀን ቀን ዲላ ገበያ ውስጥ ቦንዳ ልብስ ስለሚሸጥ ሸሚዝ አያጥረውም።

ከሥራ ሲወጣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው የቆርቆሮ ጂም ይገባል። ብረቱ ሲሚንቶ የተሞላ የወተት ጣሳ ነው። መስታወቱ ግን እውነተኛ ነው፤ ነስሩም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ፊት ነው የሚገኘው። አንድ የሐዋሳ ጓደኛው ጡንቻ የሚያሳብጥ ክኒን በትልቅ ጣሳ ያመጣለት ሰሞን ደግሞ ከመስታወቱ ጨርሶ አልላቀቅ አለ።

ነገሩን ያበላሸው ሬዲዮ ነው። አከራዩ ወይዘሮ ጽጌማርያም ሱቃቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ፣ አንድ ሐኪም ጡንቻ ስለሚያሳብጠው ስቴሮይድ ተናገረ። የሚወስደው ሰው ደሙ ይፈላል፣ በትንሽ በትልቁ ይደባደባል፣ ወንጀል ውስጥ የሚገባም አለ አለ። ወይዘሮዋ ሬዲዮውን ዘግተው ነስሩን አስጠሩት።

«አምጣ ያንን ጣሳ!»

«እትዬ ጽጌ፣ በጣም ውድ ነው እኮ።»

«ቢሆንስ? የሰው ልጅ ልታገባ ነው። የኢልሃም አባት ልጁን ለወንበዴ አይሰጥም።»

ነስሩ ሊያገባት ያሰባት ኢልሃም ስሟ ከተነሳ እሺ የማይለው ነገር የለም። ጣሳውን በሁለት እጁ አስረከበ፤ እሳቸውም ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ነገር ማባከን የማይወዱ ሴት ናቸው። ሟች ባለቤታቸው ትተውት የሄዱትን የወገብ ቅባት እንኳን እስከ ጫፉ ተጠቅመው ነው ጠርሙሱን ያጠቡት።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ሳያባራ፣ ከተማው ውስጥ ነገር መፈጠር ጀመረ።

መጀመሪያ ሥጋ ሻጩ ይርጉ ነው። አንድ ምሽት መብራት በጠፋበት ሱቁን ሊዘጋ ሲል፣ አንድ ሰው ከኋላው አነቀውና በቀበቶው የሥጋ መስቀያው ላይ አንጠልጥሎት ሄደ። ጎረቤት እስኪያወርደው ድረስ ከአንድ የበግ ታፋ ጎን ሲወዛወዝ ቆየ።

«ነጭ ነገር ተከናንቧል» አለ ይርጉ ሲጠየቅ። «ድምፁ ጎርናና ነው። ‹ዳግመኛ አጥንት ትመዝንና!› አለኝ።»

ወይዘሮ ጽጌማርያም ብርቱካን ይዘው ሄደው ጠየቁት። ያን ሰሞን ብርቱ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ስለተዘጋ ብዙም አላወሩ፤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ እንደተከናነቡ ተቀምጠው ተመለሱ።

ቀጥሎ የሙሉካ ባጃጅ ነው። ሙሉካ የወይዘሮ ጽጌማርያምን በር ዘግቶ አቆመና፣ ቴፑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ሲመለስ ባጃጁ እንደ ጢንዚዛ በጀርባው ተኝቶ ጎማዎቹን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ቴፑ ግን አሁንም ይዘፍናል።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ነስሩ መጠቆም ጀመረ። የሚኖረው እዚያው ግቢ፤ ክኒን መውሰዱን ጂሙ ሁሉ ያውቃል። በቅርቡ ከጨለለቅቱ ተዛውሮ የመጣው ሳጅን ሽብሩም ያንኑ ሬዲዮ ሰምቶ ነበር።

«ክኒኑን ካቆምኩ ቆየሁ!» ይላል ነስሩ። «ክንዴን እዩት፣ ሟሽሿል እኮ!»

ማንም አላየለትም። ድምፁ ቀጭን መሆኑን ሲያነሳ ደግሞ ሳጅኑ ሳቀበት። «ወንጀለኛ ድምፁን ይቀይራል» አለው።

የገበያ ተሸካሚዎች ብቻ ናቸው ስለ ነስሩ ያላወሩት። እነሱ የራሳቸው ብሶት አለባቸው፤ እትዬ ጽጌ ጨው ሲያስመጡ አውራጅ መጥራት ትተዋል፣ ቆጣቢነታቸው ባሰ እያሉ ያሟቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ነስሩ ወደ ሱቁ መጣ። በማግስቱ ሽማግሌ ወደ ኢልሃም አባት ሊልክ ነው፤ ሽማግሌዎቹን ሊያገኝ ሲሄድ ፊቱ እንዲጸዳ ፈልጓል።

«እትዬ፣ አንድ ምላጭ።»

«አልቋል» አሉት ከነጠላው ሥር።

«ትናንት ሙሉ ፓኮ ገብቶ አልነበር?»

«አልቋል አልኩህ!» ጠረጴዛውን ሲመቱት ሚዛኑ ዘለለ። ወዲያው ደነገጡና ከረሜላ ሰጡት። ነስሩም የእናት ቁጣ ነው ብሎ ከረሜላውን እየመጠጠ ወጣ።

ደጃፉ ላይ የሙሉካ ባጃጅ ቆሟል። ሳጅን ሽብሩ ወርዶ የነስሩን እጆች በካቴና አሰረና ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ራሱም ከጎኑ ገባ። ሙሉካ ጭቃው ውስጥ ቆሞ ጎማውን በእግሩ ይጠርጋል። ከጎረቤት ሁሉ ሰው ወጥቶ ያያል።

«ነገ እኮ ሽማግሌ ልልክ ነው!» ነስሩ እንባው መጣ። «ዛሬ ከታሰርኩ ማን ልጁን ይሰጠኛል? ኢልሃምን አጣኋት! እትዬ ጽጌ፣ አንድ ነገር በሏቸው!»

ወይዘሮ ጽጌማርያም ከሱቃቸው ወጡ። ልጁን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ያሳዝናል፤ ለካ ይወዱታል።

«ሳጅን፣ ልቀቀው» አሉ በተዘጋ ድምፃቸው። «ልጄ ምንም አላደረገም።»

«እናቴ፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

«እሱ አይደለም እያልኩህ!»

ሳጅኑ በትዕግሥት ፈገግ አለ። «እሺ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ከዚህ ጡንቸኛ ሌላ ባጃጅ የሚገለብጥ ማን አለ?»

ወይዘሮ ጽጌማርያም ነጠላቸውን ከአገጫቸው አውርደው ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉ፤ ነስሩን በአንድ እጃቸው ስበው አወጡና ባጃጁን ከነሳጅኑ ገለበጡት።