አርባ አረንጓዴ ነጥቦች

«ነገ የእህቴ ልጅ ሥራውን ይረከባል፤ ስምሽን ከሲስተሙ ሰርዢ» አላት ኃላፊው፣ ኮምፒዩተር ላይ ከተቀመጠችው ቴክኒሻን ጀርባ እንደቆመ። ከኩርሙክ እስከ ማንኩሽ ባሉት የድርጅቱ ቅርንጫፎች ጣሪያ ላይ እየወጣች አርባዎቹን የኢንተርኔት መሣሪያዎች የሰቀለችው፣ በስሟም የመዘገበችው እሷ ነበረች። ሶፍትዌሩ የሚያሠራው የመዝጋቢው ስም ያለበትን መሣሪያ ብቻ ነው፤ ስም የሌለውን አላውቅህም ብሎ ይዘጋዋል።

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጸሐፊም እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ከሁሉም ላይ ልሰርዝ?» ብላ ጠየቀችው።

«ከሁሉም! አማርኛ አይገባሽም እንዴ?»

ገብቷታል። «ሰርዝ» የሚለውን ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ የመሣሪያዎቹ አርባ አረንጓዴ ነጥቦች ከላይ ወደ ታች እየተከታተሉ ግራጫ ሆኑ፤ የመጨረሻው ሳይጠፋ የኃላፊው ስልክ ይጮህ ጀመር።

«ምን አደረግሽ? አሁኑኑ መልሺያቸው!»

ባጇን ከአንገቷ አውልቃ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችው።

«በማን ስም?»